አስር ጠጠር

የወደቅሁት ከሦስተኛው እርከን ነው፤ ከአራተኛው እንኳ አይደለም፤
መሰላሉ አዳለጠ፣ በቃ፤ የሚተረክ ጀብዱ የለም።
በርገን ይዘንብ ነበር። በርገን መቼ አባርቶ ያውቃል?
የወይዘሮ ኦስቴ የእንጨት ቤት ዛሬም ግማሽ ነጭ ቆሟል፤
እኔም እንደሱ ነኝ፤
ግማሼ ተቀብቶ፣ ግማሼ ተልጦ የቀረሁ መሰለኝ።

ደም አልፈሰሰኝም፤ ስፌት የለኝ፣ ጠባሳም የለኝ።
ያየኝ ሁሉ ይላል፣ "ወፍረሃል፣ ተስማምቶሃል፤"
"ይመስገን" እላለሁ፤ አፍ ከራስ ይቀድማል።

ፍሪጁ ግን ያጉረመርማል።
ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል፣ እንደ ቂመኛ ጎረቤት፤
የቧንቧው ጠብታ ስሜን የሚጠራ ይመስላል ከወጥ ቤት።
ፎቅ ላይ ሰው ወንበር ሲጎትት፣ እኔም እጎተታለሁ አብሬ፤
ሹካ ሳህን ሲነካ፣ ብልጭ ይላል ግንባሬ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል፣ ስለ ሐሜት ይመስለኝ ነበር፤
ለካስ እንዲህም ያለ ባዳ አለ፣
ሳያንኳኳ እየገባ፣ ባለቤቱን ደጅ የሚያሳድር።

አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ገባሁ፣ ሽንኩርትና ወተት ፍለጋ።
ሃያ ዓመት ነጭ ቀለም በባልዲ የበጠበጥሁ ሰው፣
ያን ዕለት ነጩ ከጣሪያ ወርዶ ገረፈኝ፤ ጉልበቴን አፈሰሰው።
የሂሳብ ማሽኑ ጢጥ ይላል፣ ጢጥ፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ ጋሪ ይንቋቋል፤
ሁሉም እኩል ይጮኻል፤ የትኛው ለእኔ እንደሆነ ማን ያውቃል?
ሽንኩርቱን ወለል ላይ ትቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ ወጣሁ፤
ዝናቡ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እስኪያልፍ ድረስ ቆምሁ።
አንድ ፖሊስ "ጠጥተሃል?" አለኝ። "አዎ" አልሁት፤
ለማስረዳት ቃል ያሻል፤ ቃሉን ከሽንኩርቱ ጋር ነው የጣልሁት።

እሑድ እሑድ አልጋነሽ፣ ታላቅ እህቴ፣ ከደሴ ትደውላለች፤
"እንዴት ነህ? ሰላም ነህ? ልጅህስ? ራስህስ? ብርዱስ?" ትላለች፤
ሰላምታው ሳያልቅ እኔ አልቃለሁ። ስልኩን ትራስ ሥር እቀብራለሁ፤
ከላባው ውስጥ "ደህና ነህ ግን?" ስትል፣ በሩቁ እሰማታለሁ።

ሲግሪድ የምትባል ሐኪም አለች፣ ዝግ ብላ የምትናገር፤
ከባሕሩ ዳር የተለቀመ አስር ጠጠር ሰጠችኝ፤
"የቀንህ ደሞዝ ይኸው ነው፤ ከነገ ላይ ብትበደር
አራጣው ከባድ ነው" አለችኝ።
ገላ መታጠብ አንድ ጠጠር። ትራም ሦስት። አልጋነሽ አራት።
ዝናብ ድሮ በነፃ ነበር፤
ዛሬ የመስኮቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ እሱም ይጠይቀኛል እራት።

ኤፍራታ ሰባት ዓመቷ ነው።
ከወደቅሁ ወዲህ በሹክሹክታ ትኖራለች፤
ካልሲ ደርባ ትራመዳለች፣ በእንጨት ማንኪያ ትበላለች፤
ማስነጠስ ሲመጣባት ሮጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ትገባለች።
ማንም አላዘዛት።
አንድ ማታ መታጠቢያ ቤት፣ ፎጣ አፏ ላይ አፍና ስትስቅ ደረስሁባት፤
የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ መስታወት ውስጥ ራሷ ራሷን አስቃት።
ስታየኝ ደነገጠች። "ይቅርታ አባዬ" አለች በከንፈሯ፤ ድምፅ የለውም።
ፍሪጁም፣ ጋሪውም፣ ጢጥ የሚለው ማሽንም፣ እንደዚያ አድርጎ አልጮኸብኝም።

በማግሥቱ ቅዳሜ መጋረጃ ዘግቼ ዋልሁ፤
ትራም የለ፣ ገበያ የለ፤ ገላዬንም አልታጠብሁ።
ሲመሽ አስሩንም ጠጠር እጇ ላይ ዘረገፍሁላት።
"ሳቂበት" አልኋት።
"ሁሉንም?"
"ሁሉንም።"
አላመነችኝም፤ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤
ከዚያ ፎጣውን ጣለች፤
ሳቀች፣ በወለቀው ጥርሷ ክፍተት እያፏጨች፣
የድስት ክዳን ደረጃ ለደረጃ እንደሚንከባለል፣
ማረፊያ አግኝቶ እንደገና እንደሚሽከረከር፣ ወድቆ እንደማያበቃ፣
እስከ ምድር ቤት ድረስ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪነቃ።

ሁለት ቀን ጨለማ ክፍል ተኛሁ፣ አራጣውን ስከፍል፤
እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ፤ ክዳኑ ራሴ ውስጥ ገና ሲንከባለል።
እሑድ ስልኩ ጮኸ። ኤፍራታ ኮሪደር ላይ አነሳችው፤
"ደህና ነው፣ ተኝቷል!" አለች፤ በሙሉ ድምፅዋ ነው ያለችው።

ሰኞ ማታ በበሩ ሥር አንድ ጠጠር ተንከባልሎ ገባ፤
ከኪሷ ሙቀት አልወጣም ነበር፤
ያዝሁት፤ መቼ እንደምመልስ አልነገረችኝም፣ ብድር ይሁን ስጦታ።